የጠዋት ኪኒን

ስፕሪንግፊልድ፣ ሚዙሪ። የአራዊት ማቆያው በር ገና አልተከፈተም፤
ሌሊት የጣለው በረዶ የሰው ዱካ የለበትም።
ስኳር ድንች ቀቅዬ፣ እንቁላል ልጬ፣
ኪኒኑን እርጎ ውስጥ ደብቄ፣ ማንኪያውን ጨብጬ፣
ወደ ማርጎ እሄዳለሁ። ከሽቦው ማዶ ትጠብቃለች፤
ጆንያ ተከናንባ፣ ጣቷን በቀዳዳው አሾልካለች።

አባቷ የሱማትራ ኦራንጉታን፣ እናቷ የቦርንዮ ናት፤
ያን ጊዜ ቀይ ጠጉር ሁሉ አንድ ነው ብለው አጋቧቸው በአንድ ቤት።
ባሕር ለያይቷቸው ኖሮ፣ ስንት ሺህ ዘመን፣ ስንት ትውልድ፣
ሚዙሪ አገናኘቻቸው፣ በሲሚንቶና በብረት ገመድ።
ማርጎ ተወለደች። ጋዜጣው ፎቶዋን በፊት ገጹ አወጣ፤
«የከተማችን ልጅ» አለ። ከንቲባው ኬክ ይዞ መጣ።

ኋላ ሳይንቲስቱ ደም ቀድቶ፣ ጭረቱን ቆጥሮ አነበበ፤
ሁለቱ ለየቅል ናቸው አለ፤ ስሟ በቀይ እስክርቢቶ ተከበበ።
ክልስ። እንዳትወልድ። ንጹሑ ዘር እንዳይደፈርስ፣
የጫካው ለጫካው ይቆይ፣ ያንቺ ግን ባንቺ ይጨረስ።

ባለፈው ሐሙስ ተማሪዎች መጡ። አንዱ፣ ጥርሱ የወለቀ፣
«ጎሪላና ቺምፓንዚ ይዋለዳሉ?» ብሎ ዋይለንን ጠየቀ።
ዋይለን ሽማግሌ ነው፤ በቅሎ ሲያረባ ያደገ፤
ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ፤ ጺሙን እያከከ ቃል ፈለገ።
«ጎሪላና ቺምፓንዚ? እኔ አላየሁም፤ መንገዳቸው ከራቀ ቆይቷል።
ቺምፓንዚና ቦኖቦ ግን፣ አዎ፣ አንድ ቤት ካደሩ ይሆናል።
ጊቦንም፣ የሚመስለው ሲታጣ፣ ከማይመስለው ይወልዳል» አለ።
«ሰውስ?»
መምህሯ አሳለች። ዋይለን ጣቱን ቆጠረ፣ ዋለለ።
«እኛ አርባ ስድስት ክሮሞዞም አለን፤ እነሱ አርባ ስምንት።
ቁጥር ብቻ ግን አይምሰልህ፤ ፈረስና አህያም አይገጥሙም በእውነት።
የእኔ ሩቢ ግን ተወለደች፤ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ጎተተች፤
አንድም ውርንጭላ ሳትጥል፣ ጆሮዋን እንዳቆመች ሞተች።»

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ይባላል።
ልነግረው ፈልጌ ተውኩት፤ ተረት ባሕር ሲሻገር ጥርሱ ይወልቃል።
ማርጎስ ብትጠየቅ፣ ከሁለቱ ደሴት የቱን አጎቴ ትላለች?
ቦርንዮን አላየች፣ ሱማትራን አላየች፤ የሚዙሪን በቆሎ ትወዳለች።

ከግድግዳው ማዶ ዴክስተር አለ፤ ንጹሕ ነው፣ ወረቀቱ ይመሰክራል፤
ሌሊት ጉሮሮውን ነፍቶ ሲጮኽ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።
እሷ ትነሣለች፤ ጆንያዋን አጣጥፋ ታቅፋለች፣
እንደ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ ታደርጋለች።

ዛሬ እርጎውን ላሰች፤ ማንኪያውን መለሰች፤ አፏን ግን ገጠመች።
ከዚያ ኪኒኗን፣ ነጯን፣ በሁለት ጣት ይዛ በሽቦው አሾለከች፦
በላ፣ ወይን አምጣ። ልውውጥ ነው፤ ያስተማርናት እኛው ነን፣
የወደቀ ቁልፍ ስታቀብለን ዘቢብ እየከፈልን።

ተቀበልኳት። ወይኑን ሰጠኋት። አንድ ፍሬ፣ ከዚያ አንድ ሌላ።
ኪኒኑ መዳፌ ላይ ረጠበ፤ የፊርማ ደብተሩ ከኋላ።
ከዚያ ፈጨሁት፤ በማር ለወስኩት። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ
ዋጠች።

ፈረምኩ፦ «አንድ ሰዓት ተኩል። ወስዳለች።»
ወይን ይቀራል ብላ ይሆን፣ ጣቷን አሁንም ዘርግታለች።