ሦስተኛው ደረጃ

ዴኦሊንዳ ገባች፣ ጃንጥላዋን አራግፋ፣
በዳቦ ወረቀት ላይ ግቢዋን ነድፋ።
«ፍሎሪቫል፣» አለችኝ፣ «መብራት ምረጥልኝ፤
ሦስተኛው ደረጃ ኤቫሪስቶን ጣለብኝ።»

እኔ ነጋዴ ነኝ። ከንፈሬን መጠጥኩ፤
በዚያው ትንፋሽ ደግሞ ካርቶን አወረድኩ።

ይኼ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ማታ የሚያገሳ፤
ይኼ ሰው ሲጠጋው ከእንቅልፉ የሚነሳ
(ለድመትም ይነሳል፣ ጨዋነቱ በዝቶ)፤
ይኼ ከጣሪያ ላይ የሚወዛወዝ፣ እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግቶ፤
ይኼኛው ግን ጎበዝ፣ የወደብ ዘበኛ፣
ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ፣ ሌሊት የማያስተኛ።

እየጠቆምኩ ሳወራ፣ እሷ እየጻፈች
በእርሳሷ ጫፍ ግቢውን ኮከብ አለበሰች።
ከበለሱ ሥር ሁለት፣ ለጉድጓዱ አንድ፣
ለጥቁሩ ድንጋይ አጥር፣ ለወይኑ ግንድ፣
ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ለአበባው መንገድ፤
አሥራ አራት ሞላ።
ሦስተኛው ደረጃ? አልተረሳም፤ ኋላ
ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ቦታ ጠብቦበት፣
ከ«መለዋወጫ አምፖል» በታች ተጻፈለት።

ፒኮ ደሴት ላይ የጥቅምት ጨለማ ወፍራም ነው፤
ተራራው ደመናውን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ ሲተኛ
ባሕሩን በድምፁ ብቻ ነው የምታውቀው።
ገመዱን ቀበርኩ፣ ሽቦ አገናኘሁ፣
«አብሪው!» ብዬ ጮህኩ።
በራ።
እውነቴን ነው፣ እኔም አፌን ከፈትኩ፤
ጎመኑ እንኳ ጥላ አወጣ፣ ለፎቶ እንደቀረበ።
ኤቫሪስቶ ግን መዳፉን ግንባሩ ላይ ደረበ።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃን ሲበዛበት
ዓለም ሁሉ ወተት።
«ከሚስቴ ድምፅ ያስታውቃል፣ ቆንጆ ነው፣» አለ፤
«ደረጃው ግን የት አለ?»

በሦስተኛው ሌሊት፣ ጨረቃ ሳትወጣ፣
አንድ ነገር ዱብ አለ፣ ከሰማይ የመጣ።
ካጋሮ ነበረች፤ የባሕር ወፍ፣ ገና ለጋ፣
ከገደሉ ጎሬ በዚያው ማታ የወጣች፣ ባሕሩን ፍለጋ።
ባሕሩን ስትሻ አምፖሌን አገኘች፤
ዞረችው፣ ዞረችው፣ ደከማት፣ ወደቀች።

እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል ወጉን፤
ኮት ትጥልባታለህ፣ ትሰበስባለህ ክንፏን፣
ካርቶን ውስጥ ታሳድራለህ፣ ሊነጋ ሲል ወደ ዳርቻው።
ዴኦሊንዳ ቤቱን ሁሉ ፈተሸች፤ ያገኘችው ካርቶን
የወደብ ዘበኛው መብራት የመጣበት ነበር።

ኤቫሪስቶ ነው ይዟት የወረደ።
መብራቱን ሁሉ አስጠፍቶ፣
በትከሻው ግድግዳውን እየታከከ፣ እየቆጠረ ሄደ።
አንድ።
ሁለት።
ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ካርቶኑን አቅፎ፣ የሰው ወሬ እንደሚያዳምጥ።
«እዚህ፣» አለ፣ «እዚህ ብቻ። ከጉልበቴ በታች፣
ባርኔጣ ያላት፣ ወደ እግሬ እንጂ ወደ ሰማይ የማታይ፣
መልኳ የማር የሆነ አንዲት መብራት።
የተረፈውን ፍሎሪቫል ይውሰደው።»

ወሰድኩት። ምን ላድርግ? አሥራ ሦስት ቆጠርኩ፣
ገንዘቧን ሳንቲም ሳይጎድል መለስኩ፣
አልዋሽም፤ ቤቴ እስክደርስ አጉረመረምኩ።

አሁን ማታ በዚያ ሳልፍ፣ በጨለማው መሃል
መዳፍ የምታህል የማር ጠብታ ድንጋይ ላይ ተዘርግታለች።
አንድ ጫማ ይገባባታል፣
ይቆማል፣
ይወጣል።
ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የሌሊት ነው።

አምፖሎቹ ሌላ ቤት አገኙ፤ ሰው መቼም ይገዛል።
የዘበኛው ካርቶን ግን ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣
ውስጡ አንድ ግራጫ ላባ፣ የዓሣ ዘይት ሽታ።
ደንበኛ ጣቱን ሲቀስርበት
«ተሽጧል» እላለሁ።