ሰማንያ ሁለት

ፉሪ ዳገት ላይ ነው የሙቀቱ መርፌ ቀዩን የነካው፤
ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ጉዴን ሲለካው፣
«ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል?
አንዷ «መልሴን!» ትላለች፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ ያዝንልኛል።

ሁለት ሃይላንድ ውኃ ራዲያተሯ ጨልጦ፣ አሁንም ጠማት፤
እየቆምን እየሄድን ዓለም ገና ገባን፣ እያባበልኳት።
ከጎሚስታው ጀርባ የጋሽ ቱፋ ጋራዥ፣ አጥሩ የበርሜል ቆርቆሮ፤
መሬቱ ጥቁር ነው፣ ጠጥቶ ጠጥቶ የስንቱን ሞተር እሮሮ።

ጋሽ ቱፋ ኮፈኑን ሳይነካ፣ ቆሞ ከሩቅ ፈረደ፦
«ቴርሞስታቱ ነው። ንቀለው፣ ወርውረው፤ ስንቱ ያለሱ ነጎደ!
እሱ ለበረዶ አገር ነው የተሠራው፤ እኛ ምን በወጣን?
ፀሐይ መች አጣን?»

ሲፈን ከአይሱዙው ሆድ ሥር ተንፏቃ ወጣች፣ ግንባሯ ላይ ግራሶ፤
ረዳቱ ናት። ቃሏ እንደ ጠበቀ ብሎን ነው፤ አይፈታም ተመልሶ።
«ያለሱ ትሄዳለች። ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ውሎ ሳይሞቅ ያድራል፤
ቤንዚን ይጠጣል፣ ራሱን ይበላል። ብርድም እኮ ያከስራል።»
ጋሽ ቱፋ ሳቀ፤ ሻዩን አነሳ።
ያ ሳቅ ፈቃድ ነበር።

ሁለት ብሎን ነው የያዘው፤ አንዱ እሺ አለ፣ አንዱ ዝጎ ሞተ፤
ናፍጣ አጠጥታ፣ መታ መታ አርጋ ስትጠብቀው፣ ጮኸና ተጎተተ።
አሮጌው ወጣ፤ ደለል የጎረሰ፣ ውስጡ እየፈላ አፉን የዘጋ፤
ሚስቴ ብታየው «አንተኑ!» ባለችኝ።
አዲሱን ከሶማሌ ተራ አመጣሁ፤ ሻጩ ሦስቴ ማለልኝ።
ነሐሱ ላይ በደቃቁ ተቀርጿል፦ ሰማንያ ሁለት።

«መሐላ አይከፍተውም» አለች ሲፈን፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ
ውኃ ሞልታ ቡታጋዝ ላይ ጣደች፣ በሽቦ አንጠልጥላው እንደ ዓሣ።
ጎንበስ አልን ሦስታችንም፣ ጋሽ ቱፋም፣ ሻዩን ረስቶ፤
አረፋው ከሥር ሲንጠለጠል፣ ያ ክብ በር፣ ማንም ሳይነካው፣
ሸሸት አለ ከመቀመጫው ተነስቶ።
«ውስጡ ሰም ነው» አለችኝ። «ሰሙ ሲቀልጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይገፋል።»
ሰም! ወርቅ መሳዩ ውጭ፣ ሰሙ ውስጥ፤
እንዲህ ያለ ግልብጥ ቅኔ የቆሎ ተማሪ መች ይዘርፋል?

የቀረው ጎማዋ ነበረች፤ ጠርዙን የምታቅፈው ቀለበት።
ከዚህ ሲጎትቷት ከዚያ ታመልጣለች፤
እንደ አጭር ብርድ ልብስ፣ ራስ ሲሸፍኑበት እግር የሚበርድበት።
«ተዪው፣ ሲሊኮን ቅቢው።»
«አይሆንም።»
«ከከለመዳሪ ቆርጠሽ አብጂለት።»
«አይሆንም፣ ጋሼ።»
ሦስቴ ሞከረች፤ ሦስቴ ዘለለች፤ አንዴ አሸዋ ላይ ወድቃ አጠበቻት፤
ከዚያ የሚፍለቀለቀውን ጣሳ ዞራ አየችው። ጎማዋን ጣል አረገቻት።
ላበች፣ ለሰለሰች፣ ልቧ ራራ፤
በአውራ ጣቷ ዙሪያዋን አግባብታ፣ እንደ ሕፃን ኮፍያ አለበሰቻት።

ያረጀውን ጓርኒሲዮን ከአፉ ላይ በምላጭ ፋቀች፣ እፍ አለች፤
«ትንሿ ቀዳዳ ወደ ላይ፤ አየሩ በዚያ ነው የሚያመልጠው» አለች፤
ብሎኖቹን አንዴ ይኼን አንዴ ያኛውን፣
በሩብ በሩብ ዙር፣ አንዱን ከአንዱ ሳታስቀና አጠበቀች።

ማታ፣ ሰበታ ዳር፣ ከሥሯ የፓስታ ካርቶን አነጠፍኩላት፤
ሌሊት ሁለቴ በባትሪ ወጥቼ አየኋት።
ሲነጋ አንድ ጠብታ አለ፣ ክብ፣ የብር ሳንቲም የምታህል።
ነካሁ። አሸተትኩ። ዘይት ነው፤ ውኃ አይደለም።
የዘይቱ ነገር የሌላ ወር ዕዳ ነው።

«ፉሪን ከወጣህ ሚስኮል አርግ» ብላኝ ነበር።
ወጣሁ። መርፌው እኩሌታው ላይ ተኝቷል።
ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ከኋላ «ደግሞ ምን ሆነ?» ይላሉ፤
አንዷ «መልሴን!» አለች፤ መለስኩላት።
ስልኩ አንዴ ጠራ።
ዘጋሁት።