ሥሩን ያጣ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት
ከርነሉ አለቀልኝ፤ ማሽኑን አስነሣሁት።
ጥቁር ገጽ። ነጭ ፊደል። አንድ መስመር፦
«ሥሩን አላገኘሁም።»
ከዚያ ዝም።

ይማም አንገቱን አስግጎ «ሞተ እንዴ?» አለኝ፤
የወፍጮ ቤቱ ሒሳብ እዚያ ውስጥ ነው።
«አብሽር፣ አልሞተም፤ ደጁ ጠፍቶት ነው።»

ደጁን የደፈንሁት እኔ መሆኔን አልነገርሁትም።
ትናንት ይቅለል ብዬ
የማላውቀውን ስም ሁሉ «አያስፈልግም» እያልሁ
ስሰርዝ አመሸሁ፤
አንዱ የዲስኩ ድራይቨር ኖሯል።

አንዲቱን «አይ» «አዎ» አደረግኋት።
መብራት ሄደ። መጣ። ከሀ ጀመርሁ።
አርባ ደቂቃ ማራገቢያው ሲያጓራ ቆይቶ
ሥሩን አገኘ።

ዋይፋዩ ግን እስካሁን አይሰማም።
«እሱስ ይቅር» አለ ይማም ጋቢውን እየሰበሰበ፣
«እህል የያዘ በእግሩ ይመጣል።»