ቤቱ ምን ሆነ?

ሌሊት ስምንት ሰዓት። መብራት ሄዶ መጣ።
ጄኔሬተሩማ ሳይነሣ ተቆጣ።
ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ጭር ብሏል፤
ከታቦር ግርጌ ውሻ ለብቻው ይጮኻል።
ብልቃጡን አንሥቼ ወደ ብርሃን ያዝሁት፣
ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጽፈውበት፦
«ላሊሞ ሀሜሶ። አርባ አንድ። ዓሣ አስጋሪ።»
ፊቱን አላውቀውም፤ ደሙ ነው ተናጋሪ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት።
ማሽኑን ጠረጠርሁ፤ ደግሜ ለካሁት።
አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ተለማማጇ ጸጋነሽ በትከሻዬ አሻግራ አይታ
«ኢንዛይም ሲበዛ ጥሩ አይደል እንዴ?
ሠራተኛ በዛ ማለት አይደል?» አለች፣ ዓይኗን አሽታ።

አይደለም፣ እኅቴ።
ኢንዛይም እንደ ሰፈር ሽማግሌ ነው፤
የተራራቀውን ያቀራርባል፣ የተጣበቀውን ይፈታል፣
ደላላ አይደለም፣ ኮሚሽን አይጠይቅም፤
እንደገባ ይወጣል፣
ለሌላው ጉዳይ ደግሞ ይቀመጣል።
እህል ሲያላላ፣ መርዝ ሲያበርድ፣ ቁስል ሲያጠግግ ይውላል፣
ስሙን ግን ማን ያነሣል?

ይኼኛው የጉበት ሰው ነው፤
ጓዳው ውስጥ ሆኖ ነው ሥራ የሚያውቀው።
ዛሬ በደም ጎዳና ሲንከራተት አገኘነው።
ሽማግሌ በሌሊት፣ ብቻውን፣ መንገድ ላይ ሲታይ
«ምን ፈለገ?» አይባልም።
«ቤቱ ምን ሆነ?» ነው።

ጸጋነሽ ዝም አለች። ቁጥሩን በቀይ አሠመረች።

አረቄ ይሁን ቫይረስ፣ ወረቀቱ አይናገርም።
በወሩ ሁለት መቶ ስድሳ።
ከዚያ ሪኤጀንት አለቀ፤ ላሊሞ ጠፋብኝ።
(ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን በየብልቃጡ ፈለግሁ፤
ይህን ለጸጋነሽ አልነገርኋትም።)
ዘጠና አንድ።
ከዚያ፣ በአንድ ዝናባማ ማክሰኞ፣ ሠላሳ አራት።

ማን ፈወሰው? ሐኪሙ መክሯል፤ ሚስቱም ሳታለቅስ አልቀረችም።
ግድግዳውን የመረጉት ግን እነዚያው ናቸው፤
ጭቃውን ያቦኩት፣ ያቀበሉት፣
ሲጨርሱም በሩን ከውስጥ የዘጉት።

እሑድ አሞራ ገደል ወረድሁ።
አንድ ጎልማሳ አምባዛ ሰንጥቆ
ጉበቱን ለአባ ኮዳ ወረወረ፤
ወፉ አንገቱን ቀና አድርጎ ዋጠ።
«ላሊሞ!» ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤
ባይሆንስ? ቢሆንስ ምን እለዋለሁ፣
«ሠላሳ አራት» ብዬ ልሳለመው?

የተጠበሰ ቆሮሶ ሽታ ከወዲያ መጣ።
አፌ ውሃ ሞላ፤
የእኔዎቹ ሥራ ጀመሩ፣
ማንም ሳይጠራቸው።