የግርጌ ማስታወሻ

ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ኅዳር ሲያጋምስ፣
የከሰሉ ጭስም ከጉም ሲተራመስ፣
ደረስኩ በእግሬ፣ ሚዛን ተሸክሜ፣
ስድሳ አምስት ጥያቄ በወረቀት አትሜ።

«ስንት ሸክም ማገዶ በቀን ትፈጃለሽ?
ጭስ በገባ ቁጥር ስንቴ ትስያለሽ?»
ትሁኔ ሳቀች፣ ሳል ተከትሎ መጣ፤
ሳሏን መዘገብኩኝ፣ ሳቋ ሳጥን አጣ።

ቆጣቢ ምድጃ ብለው የሰጧትን
ዶሮዋ ወስዳዋለች፣ ልትታቀፍ እንቁላሏን።
«ድስቴ ሰፊ ሆነ፣ የሱ አፍ ጠበበ፤
የሠራው ሰውዬ ድስቴን መች አሰበ?»

ከጣራዋ በላይ፣ ሰማዩን ሰንጥቆ፣
ከበለስ የመጣው መስመር ያልፋል ርቆ።
«ሌሊት ያፏጭልኛል፣ ሲያልፍ በደመና፤
ቤቴ ግን አይገባም፣ ትልቅ ሰው ነውና።»

ባሏ እንየው ደግሞ፣ ከከሰሉ ክምር፣
አፈር እያለበሰ እሳቱን ሲመክር፣
ቀና ብሎ አየኝ፦
«ይሄ ዛፍ ነው ልጄን ኮሌጅ የላከልኝ፣
ሣሩን በቆርቆሮ እሱ ቀየረልኝ።
አሁን ግን ቅጠሉን ዝገት በላውና፣
ቆሞ ይረግፍ ጀመር፤ ምን ትያለሽ እና?
ባንድ ዛፍ ተማመኑ ያለን ማን ነበረ?
እሱም እንዳንቺ ነው፣ ጽፎ የመከረ።»

ዳንግላ፣ ጋሽ አንማው፣ የዝናብ ሰፋሪ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት የጠብታ ቆጣሪ፣
ዘወትር በሦስት ሰዓት ቆርቆሮውን ከፍተው፣
ዜሮንም ይጽፋሉ፣ እንደ ገንዘብ አይተው።
«ሰማይ አይዋሽም» አሉኝ መዝገብ ዘርግተው፤
«ሰኔ ይዘገያል፣ ነሐሴ ይከብዳል፣
ያንድ ወሩ ዝናብ ባንድ ሌሊት ይወርዳል።
በየወሩ ማብቂያ ቁጥሩን እልካለሁ፤
መልስ መጥቶ አያውቅም፤ ነገም እለካለሁ።»

መቶ ሃያ ገጽ ጻፍኩኝ፣ ባሕር ዳር ስመለስ፣
ከሠንጠረዥ ቁጥር እስከ ግራፍ ድረስ።
አለቃዬ አየና፦ «ጥሩ ነው፤ አሳጥሪ፤
ባለሥልጣን ሥራ አለው፤ ባንድ ገጽ ላይ ቋጥሪ።»

ቆረጥኩ።
መጀመሪያ ሳሏን፣ ቀጥሎ ያን ፉጨት፣
ከዚያ የእንየውን ያን የዛገ እንጨት።
እሱ ዛፍ ሲቆርጥ ጥፋት ነው ይባላል፤
እኔ ሰው ስቆርጥ ጥናት ነው ይባላል፤
መሐሉ አንድ ፊደል፤ እሱም ይዘለላል።

አንድ ገጽ ቀረችኝ፦
«ንጹሕ ኃይል ይስፋፋ፣ ትብብር ይጠንክር፣
ባለድርሻ ሁሉ በጋራ ይምከር።»
ምክሬ መንገድ ሳለ፣ አለፈ መከር።

ሊታተም ሲል፣ ማታ፣ ቢሮ ተመልሼ፣
ከገጹ ግርጌ ጻፍኩ፣ ፊደል አሳንሼ፦

    ፩. ከመስመሩ በታች አንድ ቤት አለ።
    ሽቦው ያፏጫል፤ ቤቱ ይጨልማል።
    ስለ ሴትዮዋ ሳል ሠንጠረዥ ሦስትን ይመልከቱ፤
    ስለ ሳቋ ግን ሄዳችሁ ስሙ።
    ባሏ ባንድ ምክር አንድ ዛፍ ተክሎ ነበር፤
    ሁለተኛውን ምክር ይፈራል።
    ከመጻፋችሁ በፊት ድስቷን ለኩ።

    ፪. ሰኔ ዘግይቷል።
    ምንጭ፦ አንማው፣ ዳንግላ፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት።

በስብሰባው መሐል አንዱ ገጹን ሳበ፣
መነጽሩን አውልቆ ግርጌውን አነበበ።
«ይህች ሴት ስሟ ማነው?» ብሎ ቀና እንዳለ፣
መብራት ጠፋ።
ሁሉም ሳቀ።
እሱ በስልኩ ብርሃን ንባቡን ቀጠለ።