ጭነት

ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ፣ በፓይሳንዱ ላይ፤
ወንዙ መልኩን ለወጠ፣ ዝቅ ብሎ ዋለ ሰማይ።
ዶን አንሴልሞ ኤቼቬሪ፣ ሰዓት ሠሪው አከራዬ፣
"ነይ እስቲ" አሉኝ በግድግዳው፤
ገባሁ፣ ፎጣ አናቴ ላይ ጥዬ።

አሮጌው ላፕቶፕ፣ ከነሊኑክሱ፣ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤
ከመዘውሮች፣ ከብሎኖች ጋር ቦታ ተሻምቷል።
የወንዙን ልክ የሚያሳየው ገጽ ግን አልከፍት ብሏል፤
"ብራውዘርዎ አርጅቷል" ይላል፣ ደጁን ጥርቅም አድርጓል።
ሰውዬው ሰባ አራት ናቸው፤
ስድቡን ለራሳቸው ወስደውታል።

"አዲስ ይጫናላ" አልኩ።
"መጫኑንስ ይጫን" አሉ፣ "በየት በኩል ነው ነገሩ፤
ጀርባው የኔ ነው የሚጎብጠው፣ ጫኞቹማ ምን ቸገሩ?"

ቆጠርኩላቸው።
የሲስተሙ ጎተራ አለ፤ ተበጥሮ፣ ተነፍቶ የገባ፣
ማኅተሙ ታይቶ፣ በወረፋ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲግባባ።
ግን ይዘገያል፤ ዛሬ የወጣው እዚያ ሲደርስ ወር ያልፈዋል፤
ዳቦው አይሻግትም፣ እውነት ነው፤ ሙቀቱ ግን ጠፍቶታል።

የታሸገው ሳጥን አለ፤ ድስት ማንኪያውን ተሸክሞ፣
የቤቱን ዕቃ ሳይነካ ጥጉን ይዞ የሚያድር፣ ቆሞ።
ፎቶ አምጣ ቢሉት "የቱን?" ይላል፤ ማተሚያውን አያውቀውም፤
ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን ሥራ አያሠራውም።
ደግሞ ወፍራም! ዲስካቸው ላይ የቀረው ሦስት ጊጋባይት፤
"ይሄ እንግዳ አይደለም" አሉ፣ "አማች ነው፣
የመጣ ከነጓዙ፣ ከነቤት።"

ድርጅቱ በራሱ እጅ የሚያድለው ጥቅልም አለ፣ ትኩስ፤
ጧት ተጠቅልሎ፣ በማታው ከደጅ የሚደርስ።
የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይጠይቃል ግን፤ አንዴ እሺ ተብሎ ከገባ፣
ራሱን ሲያድስ ይኖራል፣ ሳያንኳኳ ሲወጣ ሲገባ።
መነጽራቸውን አወለቁ።
"የሱቄን ቁልፍ" አሉ፣ "ለወንድሜም ሰጥቼ አላውቅ።"

የቀረው ምንጭ ኮዱ ነው። ይህን ስል ዓይናቸው በራ።
"ተፈታትቶ ይመጣል? እያንዳንዱ ብሎን?
የምገጥመው እኔ? በገዛ እጄ ሥራ?"
"በዚህ ማሽን" አልኩ፣ "ሁለት ቀን ማራገቢያው ይጮኻል፤
ሚሞሪው አይችለውም፣ ግማሽ ላይ ይወድቃል።"
ዝም አሉ። ሃምሳ ዓመት ሰዓት ፈቶ የገጠመ ሰው፣
የሚፈታ ነገር አይቶ
ሳይነካው ማለፉ ነው ያመመው።

ማቴ ጠጣን። ውሃው በረደ፤ እንደገና አፈሉ።
ወንድማቸውን በአራት ዓመት ኪራዬ አንስተውት አያውቁም፤
ያን ማታ ሁለት ጊዜ አነሱ፣ ሁለት ጊዜ ተዉት፣ በመሐሉ።

በመጨረሻ "ከጎተራው" አሉ፣ "ዘግይቶም ቢሆን፤
ሰው አይቶታል አይደል? እኔ ሰው ያየውን ነው የማምን።"
ተርሚናሉን ከፈትን። በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል፣
ሲጽፉ ቆየን፤ ፓስወርዱ ላይ ሲደርሱ
ፊቴን አዞርኩ፣ ወደ በሩ ገደል።

ያኔ አየሁት። ከደፉ ስር የሾለከ ቀጭን ውሃ፣
የወንበሩን እግር ዞሮ፣ ቡናማ፣ ድምፅ የለሽ፣ ንቁሃ።
"ዶን አንሴልሞ!"
እግራቸውን አነሱ፣ ወንበሩ ላይ አጣጠፉ፤
"ቆይ፣ ስልሳ ከመቶ ደርሷል፤ ይጨርስ" አሉ፣
ከማያው ሳያርፉ።

ጨረሰ። ተከፈተ። ገጹም መጣ፣ ከነቁጥሩ፦
ሰባት ሜትር ከሃያ፤
ከወንዝ በታች ያሉ ቤቶች ይጠንቀቁ፣ ይሻገሩ።
ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር።
መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ አነበቡ፣ ደገሙት፤
ወለሉን አዩ፣ ማያውን አዩ፤
"ልክ ነው" አሉ።

ከዚያ የመጀመሪያውን መሳቢያ፣
ከነሰዓቱ፣ ከነቲክታው፣
ጫኑኝ።