የሞገድ ዐጥንት

ፀሐዩ ሳይጠና፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣
ከሆት ስፕሪንግስ ሜዳ ሴስናዬን ላስከንፍ
ቁልፏን ሳዞር ገና፣ ወይዘሮ ሲግሪድ
ቀበቶ ጨበጡ፤ መምጣታቸው በግድ።
ሰማንያ ሞልቷቸው ልጃቸው ስትሰጥ
በረራ ነው ያለች፣ ከሁሉ የሚበልጥ።
እሳቸው የፈለጉት
ካልሲ ነበር።

«ምን አለ ከሰማይ» አሉኝ «የማላውቀው ከታች?
ስድሳ ዓመት ረገጥኳት፤ ጠጠር ናት፣ ሣር ናት፣ አለቀች።»

ተነሣን።
ቀይ ጎተራቸው የክብሪት ቀፎ አከለ፣
ከብቱ ምስር ሆነ፣ አስፋልቱ ክር መሰለ፤
አጥሩ፣ የባንክ ዕዳው፣ የጎረቤት ክሱ
ሁለት ሺህ ጫማ ላይ ሁሉም ኮሰሱ።

ኦርቪልን አነሡ፣ ሟች ባላቸውን፣
ከመሬቱ ጋራ ያልታረቀውን።
ማጨጃው ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲናጥ፣
«ይህ መሬት» ይል ነበር «አይችልም መቀመጥ!»
ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጠጠር።
ሁለተኛም ጠጠር።
ሦስተኛው የመቆፈሪያውን ጥርስ ሰበረ።
ከዚያማ ዐርባ ዓመት ውሃ በበርሜል ጫነ፣
ወገቡ ጎበጠ፣ ጎማው መነመነ።

ይህን ሲያጫውቱኝ ግራ ክንፌን ጣልኩ፤
ካማስ ሜዳ ደርሰናል፤ ምንም አልተናገርኩ።
ፀሐይ ከጋራው ጫፍ ባንድ ዐይኗ አጮልቃ፣
ከየጉብታው ግርጌ ጥላውን ፈልቅቃ፣
ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ጉንጭ ላይ እንዳለ
የአንሶላ እጥፋት፣ መሬቱ ሞገድ መሰለ፦
አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ጀርባ ከጀርባ ሥር፣
በሣር የተሸፈነ የማይፈስ ባሕር።

እኔ በበጋ ወር ጭስ ነው የምፈልገው፣
ከደን ላይ ደን እያየሁ፤ ሥራዬ እሳት ነው።
የውሃውን ነገር ያወቅሁት ሳላስበው፣
አንድ ምሽት ስመለስ፣ ፀሐይ ሜዳውን ስትገምሰው።

«ውሃ ነው» አልኳቸው። «ድሮ፣ በጣም ድሮ፣
የበረዶ ግድብ ከምዕራብ ታጥሮ
ይህ ሁሉ ሸለቆ ሐይቅ ነበረ።
አንድ ቀን ግድቡ ተሰበረ።
ወጣ ውሃው ሁሉ፣ እንደ በረት ከብት በር ላይ ተጋፍቶ፣
ጠጠሩን እንደ ጨርቅ አጣጥፎ ትቶ።
ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ የሚያዩት ሽብሽብ ነው፤
ይኼኛው ቤት ያክላል። ለዚያ ነው ከምድር የማይታየው።»

ማን ይናገር ቢሉ የነበረ፣
እዚህስ ጠጠር ነው አፍ አውጥቶ የመሰከረ።

ግንባራቸው መስታወቱ ላይ፤ ትንፋሻቸው ጉም ሠራ፤
በእጅጌያቸው ጠረጉት።
«ቤቴስ?»
ከሁለት ማዕበል መኻል፣ ከስርጉዱ፣ ያች ቀይ ነጥብ።
«የኦርቪል ጉድጓዶችስ?»
ሦስቱም፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ፣ ሞገዱ ጀርባ ላይ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ሐይቅ ወለል ላይ ቁጭ ብለን
ነው ስንጠማ የኖርን?»

ሳቁ። ሞተሩን እስኪያስንቅ ሳቁ፤
ሳቃቸው የሆነ ቦታ ላይ ስንጥቅ አለና
«እስቲ አንዴ ዙሪው» አሉኝ።
ዞርኩ። ሁለቴ። ሦስቴ።
የነዳጁ መርፌ እስኪቆጣኝ።

ስናርፍ ረፍዶ ነበር፤ ጥላውም ሟሙቷል፤
ሜዳው እንደ ልማዱ ሣር መስሎ ተኝቷል።

በራሳቸው ፒካፕ፣ እኔ እየነዳሁ፣ ወደ ቤት ሸኘኋቸው።
መንገዱ ይወጣል፤ መንገዱ ይወርዳል፤
ስድሳ ዓመት የረገሙት መንገጫገጭ።
ዛሬ አንድ ቃል የለም። መስኮቱን አወረዱ፣
እጃቸውን አወጡ፤
ጀልባ ላይ ያለ ሰው ውሃ እንደሚዳስስ
ነፋሱን ይዳስሳሉ፣
ሽቅብ፣ ቁልቁል።

ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ፣
የኦርቪል በርሜል
ባዶውን ይንኳኳል።